የአራዶም ጉም
ተከታታይ ታሪክ፤ ክፍል አምስት

ባለፈው ሳምንት፦ ጥቅምት 6 ቀን 1928 ዓ.ም. ከራስ ሙሉጌታ ጦር ጋር ከአዲስ አበባ በእግሩ የወጣው ልጅ፣ ከአጎቱ ከባሻና ከባሻ ባለቤት ከእትዬ ጋር አምባ አራዶም ላይ ሰፍሯል። የካቲት 2 የጠላት መድፍ ተከፈተ። ልጁ ከወደቀ ጎረቤቱ አንድ ውጅግራ ጠመንጃ ወርሶ ዘብ መቆም ጀመረ። በአምስተኛው ሌሊት፣ ጦሩ ሁሉ ፊቱን ወደ መቀሌ ባዞረበት ሰዓት፣ በጀርባቸው በኩል ከጉሙ ሥር ብረት ድንጋይ ሲነካ ሰማ።

ድምፁ አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን ኖሮ ልጁ «ጆሮዬ ነው» ብሎ ዝም ይል ነበር። አምስት ቀን ሙሉ መድፍ ሲጮህበት የሰነበተ ጆሮ የሌለውንም ይሰማል። ግን ተደገመ። ቀጭንና ደረቅ ነው፤ ብረት ከድንጋይ ሲፋጭ። ቀጥሎ የበቅሎ ማናፋት መጣ፤ እሱም ሳይጨርስ ታፈነ፣ ሰው አፍንጫዋን በመዳፉ እንደያዘባት። ልጁን ያስደነገጠው ይኸኛው ነው። የኛ ሰው ሌሊት ሲጓዝ ያወራል፣ ያስላል፣ የተኛውን ቀስቅሶ እሳት ይለምናል። በቅሎውን አያፍንም።

ጎንበስ ብሎ እየዳበሰ ወደ ምሽጉ ተመለሰ።

ባሻ አልተኙም። ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ እግራቸውን አጥፈው፣ ጭናቸው ላይ በዘረጉት ቁራጭ ጨርቅ ጥይት ይለያሉ። መብራት ማብራት ክልክል ስለሆነ የሚለዩት በጣታቸው ነው። ወፍራሙ፣ አፍንጫው ደልደል ያለው እርሳስ የውጅግራ ነው፤ ወደ ግራ። ቂጡ ሰፍቶ ወደ አንገቱ ቶሎ የሚቀጥነው የለበን ነው፤ ወደ ቀኝ። ቀጥ ብሎ ሄዶ ጫፉ እንደ ወስፌ የሚሾለው የምንሽር ነው፤ እሱ ወደ ደረት ኪስ ይገባል፣ የባሻ ጠመንጃ ምንሽር ነውና። ማታ ለሠላሳ ሰው ተብሎ የመጣው ከረጢት ሦስቱን ደባልቆ ይዞ ነበር። ውጅግራ የያዘ ሰው የምንሽር ጥይት ቢደርሰው ምን ይጠቅመዋል? ጠመንጃው አይጎርሰውም።

«አስራ አንድ» አሉ ባሻ፣ ማን እንደመጣ ሳያዩ። «የኔ አስራ አንድ ሆነ። ያንተ ሰባት ነው።»

«ጋሼ፣ ሰው አለ።»

ጣታቸው ቆመ። «በየት በኩል?»

«በጀርባችን። በሕንጣሎ በኩል። ሁለት ጊዜ ብረት ሰማሁ። ከዚያ በቅሎ ሲያፍኑ።»

ባሻ ተመልሰው አልጠየቁም። ጨርቁን ጠቅልለው ብብታቸው ሥር ከተቱና ተነሡ።

አንባቢ እንደሚያስታውሰው ባሻ አላጌ የዋሉ ሰው ናቸው። ኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ የአስራ ስምንት ዓመት ጎረምሳ ሆነው፣ በራስ መኮንን ጦር ውስጥ ፊታውራሪ ገበየሁን ተከትለው ያን ተራራ ወጥተዋል። ያን ጊዜ ከላይ የነበረው ጣልያን ነው፤ ከታች ወደ ላይ የሚወጣው የኛ ሰው። ሻለቃ ቶዜሊ ተራራው እንደሚያስጥለው አምኖ ፊት ለፊቱን በመድፍና በጠመንጃ ዘግቶ ጠበቀ። የኛዎቹ ግራና ቀኙን ዞረው ያዙት። ላፈግፍግ ሲል ጊዜው አልፎ ነበር፤ ቶዜሊም እዚያው ቀረ። ባሻ ይህን ታሪክ ከአዲስ አበባ ጀምሮ በየሰፈሩ ሲያወሩት ልጁ በቃሉ ይዞታል። በዚያች ሌሊት ግን ታሪኩ ተገልብጦ ታየው፤ ከላይ ያሉት እነሱ ናቸው።

የአለቃቸው የቀኝአዝማች ዋሻ ሩቅ አልነበረም። በራፉ ላይ ሁለት ቁስለኞች ተጋድመዋል። አንደኛው ሰውነቱ ላይ ጭረት እንኳ የለም፤ ዓይኑን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኖ ያለማቋረጥ ያስነጥሳል፣ ካስነጠሰ በኋላ ደረቱን ይዞ ያቃስታል። አጠገቡ የወደቀው የመድፍ ጥይት ድምፁ ትንሽ፣ ጢሱ ብዙ ነበር።

ቀኝአዝማች ባሻን እስኪጨርሱ ሰሟቸው። ፈሪ ሰው አልነበሩም፤ ይህን አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ። የካቲት 4 በምሥራቅ በኩል ጥቁር ሸሚዝ በሚባሉት የፋሺስት ወታደሮች ላይ ከወረደው ጦር ጋር ወርደው ተዋግተዋል። ግራ ትከሻቸው ላይ የታሰረው ጨርቅ የዚያን ቀን ነው፤ ደሙ ደርቆ ቆርቆሮ ሆኗል።

«ባሻ፣ ልጁ ስንት ዓመቱ ነው?»

«አስራ ስድስት።»

«አንድ ልጅ በጉም ውስጥ፣ በሌሊት፣ ሰማሁ ባለው ጦሬን ወደ ኋላ ላዙር? አምስት ቀን የደበደበን ከመቀሌ በኩል ነው። ከራስ ቃል ሳይመጣ ፊቴን ባዞር ነገ ምን እባላለሁ? ጀርባውን ሰጠ እባላለሁ።»

«አላጌ ላይ ቶዜሊም ፊቱን ብቻ ነበር የሚያየው፣ ጌታዬ።»

ቀኝአዝማች ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። የሚያስነጥሰው ሰው ብቻ ይሰማል።

«መልእክተኛ ወደ ራስ እልካለሁ» አሉ በመጨረሻ። «መልስ እስኪመጣ ግን ከዚህ ዋሻ አንድ ቃል እንዳይወጣ። ወሬ ጦር ይፈታል። አንተም ልጅ፣ አፍህን ያዝ። ለማንም።»

ልጁ እጅ ነሣ።

መልእክተኛው የወጣበት ተራራ ከዳር እስከ ዳር 8 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ወርዱ 3። ላዩ ጠፍጣፋ፣ ጎኑ ገደልና ዋሻ። ጉም ውስጥ ገደሉን በእግሩ ጣት እየፈለገ ነው የሚሄደው። ራስ ሙሉጌታ፣ የጦር ሚኒስትሩ፣ እሳቸውም ዓድዋ የዋሉ አዛውንት፣ ከመልእክተኛ አፍ በቀር የጦራቸውን ዳር የሚያዩበት ዓይን አልነበራቸውም።

በሌላ ወገን የነበረውን እዚህ ላይ ልናገር፣ ምክንያቱም ባሻ በጆሮ የጠረጠሩት ነገር በጣልያኑ ጦር አዛዥ በባዶሊዮ ካርታ ላይ አስቀድሞ ተሥሎ ነበር። ማርሻል ባዶሊዮ ተራራውን ፊት ለፊት ሊወጣው አላሰበም። አንደኛው የጦር ኮር በምሥራቅ፣ ሦስተኛው በምዕራብ ዞረው ከተራራው ጀርባ፣ ሕንጣሎ ላይ ሊገናኙ ነው። መድፉ ፊት ለፊቱን ሲደበድብ የኛ ሰው ዓይን እዚያው ቀረ። ሸንተረሩን ሁሉ ከአይሮፕላን በተነሣ ፎቶግራፍ አይተውታል። 280 መድፍ፣ 170 አይሮፕላን አሰልፈዋል። በዚያ ውጊያ 23,000 የመድፍ ጥይት ተተኩሷል፣ 396 ቶን ቦምብ ከሰማይ ወርዷል። በኛ በኩል የነበረው፣ ጣልያኖቹ ራሳቸው እንደገመቱት፣ 400 ያህል መትረየስና 18 መካከለኛ መድፍ ነው።

ጢሱ ብዙ የነበረው ጥይት አርሲን የሚባል መርዝ የያዘ ነው። ዓይን ያቃጥላል፣ ያስነጥሳል፣ ያስመልሳል፣ ደረት ይዘጋል። በዚያ ጦርነት ጋዝ መጣሉን የጣልያን መከላከያ ሚኒስቴር ያመነው በ1988 ዓ.ም. ነው፤ ከስልሳ ዓመት በኋላ። በዋሻው በራፍ ላይ እንደተጋደመው ሰው ያስነጠሱ ሁሉ ስልሳ ዓመት ሙሉ «አልነበረም» ተባሉ። በጣልያንኛ «አምባራዳን» የሚባል ቃል አለ፤ የተዝረከረከ፣ የተደበላለቀ ነገር ማለት ነው። ቃሉ የወጣው ከዚህ ተራራ ስም ነው። ሰው በየቤቱ ያለ ሐሳብ ሲናገረው በሰማሁ ቁጥር ከመድፉ ቁጥር ይልቅ ይኸኛው ያመኛል።

ወደ ልጁ እንመለስ።

ሲነጋ የነጋ አይመስልም ነበር። ጉሙ የዘረጉትን እጅ ይከልላል። በመቀሌ በኩል መድፉ ዝም ብሏል፤ የአይሮፕላን ድምፅም የለም። ሰው ዝምታውን እንደ በረከት ተቀበለው። ጋቢውን የሚያራግፍ አለ፣ ዳዊቱን አውጥቶ የሚደግም አለ። ቀኑ ቅዳሜ፣ የካቲት 7 ነው። ነገ ቅበላ ነው፤ ከነገ ወዲያ ዐቢይ ጾም ይገባል።

ከራስ ዘንድ የመጣ መልስ ግን የለም። ባሻ ወደ ቀኝአዝማች ዋሻ ሁለት ጊዜ ሄደው ሁለት ጊዜ ዝም ብለው ተመለሱ። በሦስተኛው እዚያው ቆዩ።

እትዬ የመጡት ያን ጊዜ ነው። ሁለት ቅል በጠፍር አንጠልጥለዋል።

«ውኃ ልወርድ ነው» አሉ። «ያቺን ቋንጣ እስከ ዛሬ ያቆየኋት ለነገ ነው። ለቅበላ ሥጋ ሳይቀምስ ጾም የገባ ሰው በቤቴ የለም፤ ተራራ ላይ ነኝ ብዬ ዛሬ አልጀምርም።»

ልጁ ቀና ብሎ አያቸው። ነጭ ነጠላ ለብሰዋል።

ጦሩ አይሮፕላን እንዳያየው ልብሱን በጭቃና በቅጠል ጭማቂ ነክሮ አፈር አስመስሎታል። እትዬም ቀሚሳቸውን ነክረዋል፣ የባሻን ጋቢ ነክረዋል። ይህችን አንዲት ነጠላ ግን እምቢ አሉ። ለቤተ ክርስቲያን ናት፣ ካልሆነም ለመገነዣዬ አሉ። ከአዲስ አበባ ጀምሮ በበሶው አቁማዳ ሥር ተጣጥፋ የመጣች ናት፤ የበሶ ዱቄት ጥለቷ ውስጥ ገብቶ አሁንም ይሸታል።

«እትዬ፣ ነጠላዋ...»

«ጉም ነው፣ ልጄ። አይሮፕላኑ ዛሬ ዓይን የለውም። አንድ ቀን ሰው ልምሰል።»

ምንጩ ያለው በጀርባ ነው፤ በሕንጣሎ በኩል፣ ቁልቁል። ልጁ አፉን ከፈተ። የቀኝአዝማች ቃል ጉሮሮው ላይ ቆሞ ነበር። ለማንም፣ ብለውታል። እትዬ ማንም ናቸው? ጉንፋን ሲይዘው ጤና አዳም አፍልተው ያጠጡት፣ ደሴ በቦምብ የተደበደበች ዕለት፣ ኅዳር 26፣ የቦምቡን ነገር ሰምቶ ሲንቀጠቀጥ በቀሚሳቸው ሸፍነው ያሳደሩት ማንም ናቸው? ግን ቃል ቃል ነው። ደግሞስ እውነት ባይሆን? ሁለት ጊዜ ብረት፣ አንድ ጊዜ በቅሎ። በዚህ ወሬ ጦሩ ቢፈታ፣ ሰው ቢሸሽ፣ በሱ ነው።

«ምን ሆነሃል? ፊትህ አመድ መሰለ።»

«ምንም፣ እትዬ። እንቅልፍ ነው።»

ከአንደኛው ቅል ሥር የቀረችውን አንድ ጉንጭ አጠጡት። ውኃዋ ጢስ ጢስ ትላለች። ግንባሩን በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉና ከሌሎቹ ጋር ሄዱ። ስድስት ሴቶች ናቸው። ጉሙ መጀመሪያ እግራቸውን ዋጠ፣ ቀጥሎ ወገባቸውን፣ በመጨረሻ የነጠላዋን ነጭ። ነጠላዋ ከጉሙ ጋር አንድ ቀለም ስለነበረች የት ላይ እንደጠፋች እንኳ አላወቀም።

ረፋድ ላይ ነፋስ ተነሣ።

መጀመሪያ የተገለጠው ጫፉ ነው። ከዚያ ጉሙ እንደ ተቀደደ ድንኳን በየቦታው ተሰነጠቀ። ልጁ ወደ ጀርባ አየ። ትናንት ያልነበረ ድንጋይ በሸንተረሩ ላይ ተደርድሯል። ድንጋዩ ተንቀሳቀሰ። የብረት ቆብ ነው። ከሱ ወዲህ በቅሎዎች ቆመዋል፣ ጎን ለጎን ሰዎች ጎንበስ ቀና እያሉ ከጭነቱ ላይ ብረት በየብልቱ ያወርዳሉ፤ አንዱ መንኮራኩር ተሸክሟል፣ ሁለቱ አፈሙዝ። መድፍ እየገጠሙ ነው። ሌሊት የሰማው ያን ነው። በምሥራቅ አየ፣ አለ። በምዕራብ አየ፣ እዚያም አለ። በመካከላቸው የቀረችው ክፍተት ወደ ሕንጣሎ የምትወስድ አንዲት ቀጭን መንገድ ናት።

ጩኸቱ ከየት እንደተነሣ አይታወቅም። «ተከበናል!» የሚለው ቃል ከምሽግ ምሽግ ዘለለ።

ቀኝአዝማች ከዋሻቸው ሲወጡ ፊታቸው ላይ የነበረውን ልጁ በሕይወቱ ሙሉ አልረሳውም። ባሻን አዩ፣ ልጁን አዩ። ምንም አላሉም። የቆሰለ ትከሻቸው ላይ ያለውን ጨርቅ ፈትተው ጣሉና በደህና እጃቸው ከምሽጉ ግንብ ላይ የመጀመሪያውን ድንጋይ አነሡ። ወደ ሌላኛው ዳር ተሸክመው ወስደው አስቀመጡት። ያኔ ሰው ሁሉ ገባው። ሰፍረው የካቡት ግንብ ፊቱ ሙሉ ወደ ሰሜን ነው፤ ወደ ደቡብ ደረት የሚያስጠጋ አንድ ክንድ ግንብ የለም። ሽማግሌው፣ ጎረምሳው፣ ቁስለኛው ሳይቀር ድንጋይ እየተሸከመ ይሮጥ ጀመር። የመጀመሪያው መድፍ ሲፈነዳ ግንቡ ጉልበት እንኳ አልደረሰም።

ልጁ ድንጋይ አላነሣም። ቁልቁለቱን ያያል።

ጉሙ ከላይ ሲገፈፍ ወደ ታች ወርዶ ጎድጓዳው ላይ ተኝቷል። ምንጩም፣ የወይራው ጥሻም ከሥሩ ናቸው። ከጉሙ ዳር፣ ገላጣው ቁልቁለት ላይ፣ ስድስት ነጠብጣቦች አሉ። አምስቱ አፈር መስለዋል፤ ዓይን ካልፈለጋቸው አያገኛቸውም። ስድስተኛዋ ነጭ ናት። በዚያ ሁሉ ቡናማ ተራራ ላይ ከሷ በቀር ነጭ ነገር የለም።

«ጋሼ» አለ። ድምፁ አልወጣም። እንደገና «ጋሼ!»

ባሻ ድንጋያቸውን እንደያዙ ጣቱን ተከትለው አዩ። ድንጋዩ ከእጃቸው ወደቀ።

«ሲወርዱ አየኋቸው» አለ ልጁ። «አልነገርኳቸውም። አፍህን ያዝ ስለተባልኩ... አልነገርኳቸውም፣ ጋሼ።»

ባሻ አልመለሱለትም። ውጅግራውን ከትከሻው ላይ ወስደው ከፈቱት፣ ውስጡን እፍ አሉበት፣ በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት። ከብብታቸው ጨርቁን አውጥተው የግራውን ክምር በመዳፉ ላይ ቆጠሩለት።

«ሰባት። በሩቅ እንዳትተኩስ። ስትደርስ ወደ ላይ አትመልሳት፣ አቀበቱ ላይ ይለቅሟችኋል። ወደ ጎን፣ ወደ ወይራው ያዛት። ነጠላዋን ታውልቅ በላት።» ትንሽ ቆዩ። «እኔ ነኝ ያልኩ በላት።»

ልጁ ከምሽጉ ዘሎ ወረደ። ከላዩ የባሻ ምንሽር አንድ ጊዜ ጮኸ፤ አስር ቀራቸው።

ሃያ እርምጃ ያህል እንደሮጠ ከታች የመትረየስ ድምፅ ተነሣ። ሴቶቹ ቆሙ። ተኩሱ ከላይ፣ ከተራራው የመጣ መሰላቸው፤ ገደሉ ድምፁን አዙሮ ስለሚመልሰው ከታች የቆመ ሰው አይለየውም። አንዷ እጇን ወደ ጉሙ ዘረጋች። ቅላቸውን ጥለው፣ ይሸሽጋል ወዳሉት ጉም፣ ቁልቁል መሮጥ ጀመሩ። እትዬ ከሁሉም ፊት ናቸው።

በቅሎዎቹ የታሰሩት እዚያ ጉም ውስጥ ነው።

ይቀጥላል